ጥቁር ዝንብ የማን ዘመድ ነው? የወንዝ ነፍሳትን የዘር ሐረግ እንቁጠር

ቢላ ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ናት። ዝናብ የማይነፈገው፣ ቡና የሚበቅልበት አገር ስለሆነ በዙሪያዋ ጅረት ሞልቷል። የጅረቶቹም ውሃ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ዓባይ ነው። ከእነዚህ ጅረቶች ከአንዱ ድንጋይ አንስታችሁ ብትገለብጡ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ነገር አይጠፋም። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሦስት ቀጫጭን ጭራ አለው። ሌላው ከአሸዋና ከቅጠል ፍርፋሪ በሠራው ቱቦ ውስጥ ተደብቋል። ሌላው ደግሞ በኋላው ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ፣ ራሱን ወደ ወራጁ ውሃ አንጋሎ ምግቡን ይጠብቃል። ከላይ፣ ውሃው ፊት ላይ፣ እግሮቹን ዘርግቶ እንደ በረዶ ተንሸራታች የሚሄድ አለ።

ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ በጅምላ “የውሃ ትል” ወይም “የውሃ ተባይ” ብሎ ያልፋቸዋል። እውነት ግን አንድ ወገን ናቸው? አንድ ቤት ስለተገኙ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል? አይቻልም። ይህን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በወለጋ ወንዞች ዳር ለሚኖር ሰው የቆዳና የዓይን ጤና ጉዳይ ነው። እንዴት እንደሆነ እናያለን፤ መጀመሪያ ግን ዝምድና ራሱ ምን እንደሆነ እንግባባ።

ጃንጥላ መያዝ ወንድም አያደርግም

በአገራችን ዝምድና በመልክ አይወሰንም። ሽማግሌዎች ሲጠየቁ የሚያደርጉት ትውልድ መቁጠር ነው፦ የእገሌ አባት እገሌ፣ የእሱ አባት እገሌ እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። ሁለት ሰዎች ቅርብ ዘመድ የሚባሉት የሚጋሩት አያት ቅርብ ሲሆን ነው።

የሕይወት ሳይንስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የሚቆጥረው ሰባት ቤት ሳይሆን ሚሊዮን ዓመታት መሆኑ ነው። ዝርያዎች በወገን፣ ወገኖች በአስተኔ፣ አስተኔዎች በክፍለ መደብ፣ ክፍለ መደቦች በመደብ ይጠቃለላሉ። ነፍሳት አንድ መደብ ናቸው። ጢንዚዛዎች፣ ቢራቢሮዎች፣ ዝንቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍለ መደብ አላቸው። ጥሩ ምደባ ማለት የዘር ሐረጉን ተከትሎ የሄደ ምደባ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? መመሳሰል ሁለት ምክንያት ሊኖረው መቻሉ ላይ ነው። በክረምት የገበያ ቀን አስቡ። ዝናብ ስላለ ግማሹ ገበያተኛ ጃንጥላ ይይዛል። ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ግን የአንድ እናት ልጅ አይደለም፤ ዝናቡ ነው ሁሉንም ጃንጥላ ያስያዛቸው። በተቃራኒው ሁለት እህትማማቾች አንዷ ጃንጥላ፣ አንዷ ነጠላ ደርባ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ዝምድናቸውን ታዲያ ከፊታቸው ቅርጽ እንጂ ከያዙት ዕቃ አትለዩም።

ወንዝም እንደዚያው ነው። ወራጅ ውሃ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ላለመወሰድ ይጠፈጠፋል ወይም ይጣበቃል። የሚዋኝ ሁሉ መቅዘፊያ የመሰለ እግር ያስፈልገዋል። እነዚህ የኑሮ “ጃንጥላዎች” ናቸው። የዘር ምልክት ለማግኘት ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን፦ በአፍ አሠራር፣ በክንፍ አጣጠፍ፣ በእድገት ደረጃዎችና በዘረመል ውስጥ።

ውሃ የገቡት ከየብስ ነው

ነፍሳት በመሠረቱ የየብስ ፍጡራን ናቸው። ሳንባ የላቸውም። አየር የሚገባው በሰውነታቸው ጎንና ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ ከዚያም ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ያደርሱታል። ይህ ለአየር የተሠራ መዋቅር ነው፤ ለውሃ አይመችም። ሆኖም በውሃ ውስጥ የሚኖሩትም ነፍሳት ቱቦዎቹን እንደያዙ ናቸው። አያቶቻቸው የየብስ ነዋሪዎች ለመሆናቸው ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

ደግሞ ሁሉም የአየርን ችግር የፈቱት በየራሳቸው መንገድ ነው። የትንኝ እጭ እንደ ጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ ቱቦውን ወደ ውሃው ፊት ያወጣል። ጠላቂው ጢንዚዛ ከጠንካራ ክንፎቹ ሥር የአየር አረፋ ይዞ ይሰምጣል። ባለ ሦስት ጭራው ልጅ በሆዱ ጎንና ጎን ቅጠል የመሰሉ ስንጥቦች አሉት። የትልቁ ድራገንፍላይ ልጅ ደግሞ ያስቃችኋል፦ የሚተነፍሰው በፊንጢጣው በኩል ነው። ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ በዚያ ካሉት ስንጥቦች ኦክስጅኑን ይወስዳል። ጠላት ሲመጣበት ውሃውን በኃይል ወደ ኋላ ይተፋና እንደ ሮኬት ይወነጨፋል።

አንድ ቤተሰብ ቢሆኑ ኖሮ አንድ መፍትሔ ወርሰው እናገኛቸው ነበር። ተመራማሪዎች የዘር ሐረጉን ሲቆጥሩ ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ ነፍሳት ከየብስ ወደ ጨው አልባ ውሃ የገቡት አንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በተለያየ ዘመንና በተለያየ ቅርንጫፍ ከ50 ጊዜ በላይ ነው። ወንዝና ሐይቅ የምድርን ገጽ ከ1 በመቶ በታች ብቻ ይሸፍናሉ። ሆኖም ከታወቁት የነፍሳት ዝርያዎች 6 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 100,000 የሚጠጉ ዝርያዎች፣ ቢያንስ የልጅነት ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት በእነዚህ ውሃዎች ውስጥ ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው

ከጥንታውያኑ እንጀምር። ድራገንፍላይ ማለት አራት ረጃጅም ክንፎቹን ዘርግቶ ኩሬ ላይ የሚያንዣብበው፣ ትልልቅ ዓይን ያለው ነው። ሜይፍላይ ደግሞ ያ ባለ ሦስት ጭራው ልጅ ሲያድግ የሚሆነው ነው፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም፣ ምግብም አይበላም። ሁለቱ የሚጋሩት አንድ የጥንት ምልክት አለ፦ ክንፋቸውን እንደ ዝንብ ወይም እንደ ጢንዚዛ ወደ ኋላ አጥፈው ጀርባቸው ላይ ማስተኛት አይችሉም። ዛሬ በሕይወት ካሉት ባለ ክንፍ ነፍሳት እንዲህ የሆኑት የእነዚህ ሁለት ክፍለ መደቦች አባላት ናቸው። የድራገንፍላይ የሩቅ ዘመዶች ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ይበሩ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ሜጋኒዩራ ይባላል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ክንድ በላይ ነበር።

ቀጥሎ ውሃው ፊት ላይ የሚንሸራተተው አለ። ዘመዱን ብነግራችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ፦ ትኋን። ሁለቱም የአንድ ክፍለ መደብ አባላት ናቸው። ምስክሩ አፋቸው ነው። ሁለቱም መንጋጋ የላቸውም፤ ያላቸው እንደ መርፌ የሚወጋና የሚመጥ ምንቃር ነው። ትኋን በእሱ ደም ይመጣል፣ ተንሸራታቹ ደግሞ ውሃ ላይ የወደቁ ነፍሳትን ፈሳሽ።

እዚህ ላይ “ጃንጥላው” ሰውን የሚያታልልበት ጥሩ ምሳሌ አለ። ኩሬ ውስጥ ሁለት ሞላላ ዋናተኞች ታገኛላችሁ። ሁለቱም የኋላ እግራቸው በፀጉር የተከበበ መቅዘፊያ ነው፤ ወንድማማቾች ትሏቸዋላችሁ። አገላብጣችሁ ስታዩ ግን አንዱ የሚያኝክ መንጋጋ አለው፣ ጠንካራ ክንፎቹም ጀርባው ላይ በቀጥታ መስመር ይገጥማሉ። እሱ ጢንዚዛ ነው። ሌላው ምንቃር አለው፤ የትኋን ወገን ነው። መቅዘፊያውን ለሁለቱም የሰጣቸው ውሃው እንጂ የጋራ አያት አይደለም።

ከአሸዋ ቱቦ የሠራውስ? ካዲስፍላይ ይባላል፤ የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ቢራቢሮ ነው። የማይመስል ነገር፣ አይደል? ማስረጃውን ተመልከቱ። ቱቦውን የሚያጣብቀው ከታችኛው ከንፈሩ በሚያወጣው ሐር ነው። የቢራቢሮና የእሳት እራት እጮችም ሐራቸውን የሚያወጡት ከዚያው ቦታ ነው። ካዲስፍላይ ሲያድግ ክንፉ በፀጉር ይሸፈናል። በቢራቢሮ ክንፍ ላይ ያለው፣ ጣታችሁ ላይ እንደ ዱቄት የሚቀረው ቅርፊትም ጠፍጣፋ የሆነ ፀጉር ነው። እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ ልጆቿን በወንዝ፣ ሌላዋ በቅጠል ላይ ታሳድጋለች።

እነዚህ ዝምድናዎች በመልክ ብቻ የተደመደሙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች 1,478 ዘረመሎችን አነጻጽረው የነፍሳትን የዘር ሐረግ ሠርተዋል። በዚያ ስሌት ነፍሳት የጀመሩት ከ480 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው። የካዲስፍላይና የቢራቢሮ እህትማማችነትም በዘረመል ተረጋግጧል። የድራገንፍላይና የሜይፍላይ ትክክለኛ ቦታ ግን አሁንም ያከራክራል። ሳይንስ ያልተቋጨ ሥራ መሆኑን ከዚህ ታያላችሁ።

“ዝንብ” ተብሎ ትንኝ የሆነው

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። ድንጋይ ላይ በኋላው የተጣበቀው እጭ ሲያድግ ጥቁር ዝንብ ይሆናል። ትንሽ ነው፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ደም የሚመጥጥ።

ስሙ የቤት ዝንብ ዘመድ ያስመስለዋል። በእርግጥ ሁለቱም ባለ ሁለት ክንፍ በሆኑት ነፍሳት ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው፤ ዲፕቴራ ይባላል። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ግን ጥቁር ዝንብ ለቤት ዝንብ ሩቅ ነው። ለትንኝ ይቀርባል። ትንኝ፣ ጥቁር ዝንብ እና እጩ በቀይ ትልነቱ የሚታወቀው ኪሮኖሚድ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። ሰው ስም ሲያወጣ መልክ አይቶ ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን ሌላ ይላል።

ዘመድ መሆን ደግሞ ኑሮ አንድ ማድረግ አይደለም። የወባ ትንኝ የምትራባው በቆመ ወይም እጅግ በዝግታ በሚሄድ ውሃ ነው፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው ማታና ሌሊት ነው። የጥቁር ዝንብ እጭ ግን ወራጅ፣ ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ይፈልጋል። ድንጋዩ ላይ የሐር ምንጣፍ ያነጥፋል፣ በኋላው ባሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች እዚያ ላይ ይያያዛል፣ ራሱ ላይ ባሉት ማራገቢያ መሰል ፀጉሮች ምግቡን ከውሃው ያጠልላል። ሲያድግ የሚናከሰው በቀን ነው። ስለዚህ ለወባ ትንኝ የምንሰቅለው አጎበር ወይም የምናፋስሰው ኩሬ ለጥቁር ዝንብ ምንም አያደርገውም።

ነገሩ ለወለጋ ለምን ከባድ ሆነ? ጥቁር ዝንብ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በአንዳንድ አገሮች “የወንዝ ዳር ዕውርነት” ይሉታል። ወለጋን ጨምሮ የምዕራብ ኢትዮጵያ የወንዝ ሸለቆዎች በሽታው የሚገኝባቸው አካባቢዎች ናቸው። ዝንቡ ሲነክስ የጥቃቅን ትሎች እጭ ወደ ሰው ይገባል። ትሎቹ አድገው ከቆዳ ሥር እብጠት ውስጥ ይኖራሉ፤ የሚወልዷቸው ደግሞ በቆዳ ውስጥ እየተዘዋወሩ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ያመጣሉ። ዓይን ውስጥ ከገቡ ዓይን ያጠፋሉ። በአገራችን በሽታው ይበልጥ የሚታወቀው በቆዳ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው።

አንድ የመሰለው ብዙ ሆኖ ተገኘ

በአፍሪካ በሽታውን በዋናነት የሚያስተላልፈው ሲሙሊየም ዳምኖሱም የተባለው ጥቁር ዝንብ ነው። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ከ60 ዓመታት በላይ አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ከኡጋንዳ የተሰበሰቡ እጮች በአጉሊ መነጽር ሲመረመሩ፣ በሐር ዕጢያቸው ውስጥ ያሉት ግዙፍ ክሮሞሶሞች ላይ የሚታዩት ጥቁርና ነጭ መስመሮች አንድ ዓይነት አልነበሩም። በመልክ የማይለዩ አራት ዝርያዎች ነበሩ!

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ዘዴ ከ50 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል። አንዳንዱ ሰው ይነክሳል፣ አንዳንዱ ከብትና ወፍ ይመርጣል። ሁሉንም አንድ አድርጎ የሚቆጥር ሰው፣ ሰው የማይነክስ ዓይነት የሞላበትን ወንዝ እንደ አደገኛ ሊያይ ይችላል፤ የእውነት አደገኛውን ደግሞ ሊያልፈው። ከእነዚህ ከተለዩት መካከል ሲሙሊየም ካፋየንሴ ስሙን ያገኘው ከእኛው ካፋ ነው።

ሸርጣን ላይ የተሳፈረው

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከኬንያ ነው። እዚያ በሽታውን የሚያስተላልፈው ሲሙሊየም ኒያቬይ የተባለ ሌላ ዘር ነበር። የሚናከሰውን ዝንብ ሁሉም ያውቀዋል፤ እጩን ግን ድንጋይ ቢገለብጡ፣ ቅጠል ቢፈትሹ የሚያገኘው ጠፋ። እጩ የት እንዳለ ሳይታወቅ ወንዙን በትክክል ማከም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1950 ምሥጢሩ ተፈታ፦ እጮቹ የወንዝ ሸርጣን ጀርባ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ! የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ በ1950ዎቹ ወንዞቹን በኬሚካል በማከም ኬንያ ይህን ዝንብ አጠፋች። ያኔ የተጠቀሙበት ዲዲቲ ግን በአካባቢ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ ዛሬ ወንዝ ውስጥ አይጨመርም።

የዚህ ዝንብ ዘመድ እኛ ጋ አለ፤ ስሙም በአገራችን ስም ሲሙሊየም ኢትዮጵየንሴ ነው። የዘር ሐረጉን የሚያውቅ ሰው እጩን የት እንደሚፈልግ ሳይነገረው ይገምታል፦ ዘመዶቹ ሸርጣን ላይ ከሆኑ እሱም እዚያው ነው። በእርግጥም የሚገኘው በሸርጣን ላይ ነው። የምደባ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ስለ አንዱ ያወቃችሁት ስለ ዘመዱ ያመላክታችኋል።

ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ነፍሳት ራሳቸው ሸርጣንና ሽሪምፕ ካሉበት ከክረስታሺያን ግንድ የወጡ ቅርንጫፍ መሆናቸው ነው። ሸርጣን ላይ የተሳፈረው ጥቁር ዝንብ የተሳፈረው እጅግ ሩቅ ዘመዱ ላይ ነው።

ዛሬ በአገራችን በሽታውን ለማጥፋት የሚሠራው በዋናነት አይቨርሜክቲን በተባለ መድኃኒት ነው፤ በየመንደሩ የሚታወቀው ሜክቲዛን በሚለው ስም ነው። የመድኃኒቱን መሠረት ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። መድኃኒቱ በቆዳ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ትሎች ያጠፋል፤ ከ10 ዓመት በላይ የሚኖሩትን እናትና አባት ትሎች ግን አይገድልም። ለዚህ ነው የጤና ሠራተኞች በየዓመቱ የሚመለሱት። “አምና ወስጃለሁ” ብሎ መቅረት አያዋጣም።

ውሃው ጤነኛ መሆኑን ማን ይናገራል?

የወንዝ ነፍሳትን ዘር ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው። የሜይፍላይና የካዲስፍላይ ልጆች አብዛኞቹ ኦክስጅን የበዛበት ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። ቡና አጥቦ የሚወጣው ውሃ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ፣ የሚበሰብሰው ስኳርና ልጣጭ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ እነዚህ ይጠፉና ቀዩ የኪሮኖሚድ ትል ብቻውን ይነግሣል። እሱ የቀላው እንደ እኛ ደም ሂሞግሎቢን ስላለው ነው፤ በዚያም ትንሹን ኦክስጅን አጠራቅሞ ይኖራል። በአገራችን ተመራማሪዎችም በጅማ አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች የወንዝን ጤና በእነዚህ ነፍሳት ይለካሉ። ማሽን የሚነግራችሁ የዛሬን ውሃ ነው፤ ነፍሳቱ ግን ወራት ስለኖሩበት ያለፈውንም ይመሰክራሉ።

ለመለየት አራት ጥያቄ

እናንተም መጀመር ትችላላችሁ። ነጭ ሳህን፣ የሻይ ማጥለያና አጉሊ መነጽር ይበቃል። የያዛችሁትን ነፍሳት በሳህኑ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ እግር አለው? መገጣጠሚያ ያለው እግር ከሌለው የዝንብና የትንኝ ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፣ አፉ ምንድን ነው? ምንቃር ከሆነ የትኋን ወገን ነው። ከአገጩ ሥር ታጥፎ፣ ሲያድን እንደ ክንድ የሚወነጨፍ ከንፈር ካለው የድራገንፍላይ ልጅ ነው።

ሦስተኛ፣ ሆዱ ጎን ላይ ስንጥብ፣ ጫፉ ላይ ረጃጅም ጭራዎች አሉት? ሜይፍላይ ነው።

አራተኛ፣ ቤት ሠርቷል? ከአሸዋ ወይም ከቅጠል በሐር የተጣበቀ ቱቦ ውስጥ ካለ የቢራቢሮ እህት፣ ካዲስፍላይ ነው።

ቀኑን፣ ቦታውን፣ ውሃው ወራጅ ወይም የቆመ መሆኑን ጻፉ፤ ፎቶ አንሱና መልሳችሁ ልቀቋቸው። ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ቢልሃርዝያ ያለበት ውሃ ስላለ በባዶ እግር አትግቡ። ክረምት ሲሆንና ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ፈጽሞ አትሞክሩት፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

የብዙ አፍሪካዊ ወንዝ ነፍሳት እጭ እስካሁን ክንፍ ካወጣው መልኩ ጋር አልተገናኘም፤ ልጁና ወላጁ በሁለት መዝገብ ተለያይተው ተቀምጠዋል። እነሱን ለማገናኘት አንዱ መንገድ እጩ ክንፍ እስኪያወጣ በትዕግሥት ማሳደግ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትልቅ ቤተ ሙከራ ሳይሆን በየቀኑ ሳህኑን የሚያይ ሰው ነው።